ኳስ የማይፈራ ቡድን እንዴት ይሠራል?

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ መረብ ኳስ አሠለጣጠን ነው። እንደምታውቁት የክፍሎች የመረብ ኳስ ውድድር ሊጀመር 3 ሳምንት ነው የቀረው። የስፖርት መምህራችን የሁሉንም ክፍል ቡድን ብቻቸውን ማሠልጠን ስለማይችሉ እያንዳንዱ ክፍል ከተማሪዎቹ መካከል አንድ አሠልጣኝ እንዲመርጥ ነገሩን። የ7ኛ ሐ የሴቶች ቡድን ደግሞ እኔን መረጠኝ። ቁመቴ አጭር ስለሆነ ነው መሰለኝ! ለማንኛውም ከመምህራችን የተማርኩትን፣ ካዋሱኝ የሕግ መጽሐፍ ያነበብኩትንና በልምምድ ላይ ያየሁትን አንድ ላይ አድርጌ አቅርቤላችኋለሁ። መልካም ንባብ!

መጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት

መረብ ኳስን የፈጠረው ዊሊያም ሞርጋን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ጊዜው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1895 ሲሆን ቦታው ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ ሆልዮክ የምትባል ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ የቅርጫት ኳስ ለትልልቅ ሰዎች ይከብዳቸው ስለነበር ሩጫና ግፊያ የሌለበት ጨዋታ ፈልጎ ነው የፈጠረው። መጀመሪያ ያወጣለት ስም "ሚንቶኔት" ነበር።

ሜዳው 18 ሜትር ርዝመትና 9 ሜትር ስፋት አለው። መሐሉ ላይ መረብ ይወጠራል። የመረቡ ከፍታ ለትልልቅ ሴቶች 2.24 ሜትር፣ ለወንዶች 2.43 ሜትር ነው። ኳሷ ከ260 እስከ 280 ግራም ትመዝናለች። በእያንዳንዱ ወገን 6 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። አንድ ቡድን ኳሷን ቢበዛ 3 ጊዜ ነክቶ ማሻገር አለበት፤ አንድ ሰው ደግሞ በተከታታይ 2 ጊዜ መንካት አይችልም። መረብ ላይ ዘሎ መከላከል፣ ማለትም ብሎክ፣ ከሦስቱ ንክኪ ውስጥ አይቆጠርም። ቀድሞ 25 ነጥብ ያገኘ ዙሩን ያሸንፋል፤ ነገር ግን በ2 ነጥብ መብለጥ አለበት። 24 ለ 24 ከሆኑ ይቀጥላል ማለት ነው።

ለምን ሁሉም ተጫዋች መሠልጠን አለበት?

በእግር ኳስ ደከም ያለ ልጅ ካለ ጥግ ላይ ይቆምና ኳስ ሳይነካ ጨዋታው ሊያልቅ ይችላል። በመረብ ኳስ ግን መደበቂያ የለም! ቡድናችን ሰርቩን ከተቃራኒ ቡድን በወሰደ ቁጥር ስድስቱም ተጫዋቾች የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ ይዞራሉ። ስለዚህ አሁን ከኋላ የቆመችው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መረቡ ሥር ትቆማለች። ሰርቭ የሚመታ ሰው ደግሞ ኳሷን ወደፈለገው ቦታ መላክ ይችላል። ወደ ማን ይልካል? ወደ ጎበዟ? አይልክም! ኳስ ወደምትፈራዋ ነው የሚልከው።

ይህ በእኛ ቡድን ላይ ደርሷል። ባለፈው መንፈቅ ዓመት ከሌላ ክፍል ጋር ስንጫወት ተቃራኒዎቻችን አንዷን ልጅ ለይተው "ለእሷ! ለእሷ!" እያሉ ሰርቩን ሁሉ እሷ ላይ መቱ። የእኛም ልጆች እሷን ማበረታታት ሲገባቸው "አንቺ ደግሞ!" እያሉ ጮሁባት። ከጨዋታው በኋላ "ከዛሬ ጀምሮ አልመጣም" አለች። (ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ "ስሜን ግን እንዳትጽፊ" ብላኛለች።)

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኛ በጠቅላላ 7 ነን። አንደኛዋ ታናናሽ እህትና ወንድሞቿን ስለምትጠብቅ ሁልጊዜ መምጣት አትችልም። ስለዚህ 6 እንቀራለን። እሷ ከቀረች 5 ልንሆን ነው። በሕጉ መሠረት ደግሞ 6 ያልሞላ ቡድን ተሸናፊ ነው የሚባለው። ሳንጫወት ልንሸነፍ ነበር ማለት ነው! እናም አሠልጣኝ ሆኜ የጀመርኩት ሥራ ስፓይክ ማስተማር ሳይሆን አንዲት ልጅ ኳስ እንዳትፈራ ማድረግ ሆነ።

ፍርሃትን እንዴት እናስወግድ?

መምህራችን አንድ ነገር መከሩኝ። "ከመናገርሽ በፊት እዪ። እጇን ብቻ አይደለም፣ ዓይኗን እዪ" አሉኝ። እኔም አየሁ። ለካስ ኳሷ ስትመጣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ፊቷንም ታዞራለች። እኛ "ክንድሽን ዘርጊ! ዝቅ በዪ!" እያልን ስንጮህ ከርመናል፤ እሷ ግን ኳሷን ጭራሽ አታያትም ነበር! የማይታይ ኳስ ደግሞ በጎበዝ ክንድም አይነሳም። ከዚህ የምንረዳው አሠልጣኝ መጀመሪያ የስሕተቱን ምክንያት መፈለግ እንዳለበት ነው።

ከዚያ በኋላ በሚከተለው ቅደም ተከተል ሠራን፦

1ኛ. በካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን ኳስ ሠራን። እሷ ብትመታም አታምም። ከ2 እርምጃ ርቀት እየወረወርንላት መጀመሪያ እንድትይዛት፣ ቀጥሎ በክንዷ እንድታነሳት አደረግን።

2ኛ. እውነተኛዋ ኳስ ላይ በጠመኔ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለን ጻፍን። ሳትሽከረከር ቀስ ብለን ስንወረውርላት ፊት ለፊቷ ያለውን ፊደል ጮክ ብላ ትጠራለች። ፊደል ለማንበብ ዓይን መከፈት አለበት አይደል?

3ኛ. ሰርቭ የሚመታላት ሰው ከ3 ሜትር ጀመረ። በተከታታይ 5 ኳስ ስታነሳ ወደ 6 ሜትር፣ ከዚያ ወደ 9 ሜትር ራቀ። ካቃታት ወደ ኋላ እንመለሳለን፤ ማንም አይስቅም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። መጀመሪያ ቀን ከ10 ሰርቭ ያነሳችው 1 ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ 5 አንዳንዴም 6 ታነሳለች። አሁንም ተቃራኒዎች ሰርቩን ወደ እሷ ይልካሉ፤ ግን እንደ ድሮው በነጻ ነጥብ አያገኙም።

ከትልልቆቹ አሠልጣኞች ምን እንማራለን?

መረብ ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባው በ1964 በጃፓን ዋና ከተማ ቶኪዮ ነው። በሴቶች ወርቁን የወሰደችው ጃፓን ነበረች፤ በመጨረሻው ጨዋታ ሶቪየት ኅብረትን 3 ለ 0 አሸነፈች። አሠልጣኙ ሂሮቡሚ ዳይማትሱ ይባላሉ። አብዛኞቹ ተጫዋቾች የአንድ የጨርቃ ጨርቅ ኩባንያ ሠራተኞች ነበሩ፤ ቀን ሥራቸውን ሠርተው እስከ ሌሊት ይለማመዱ ነበር። አሠልጣኙ በጣም ኃይለኛ ነበሩ ይባላል። እኔ ግን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ኳሷን ለማንሳት መሬት ላይ ተወርውረው፣ ተንከባለው፣ ወዲያው የሚነሱበትን ዘዴ አስተማሯቸው። መውደቅ የሚያውቅ ሰው መውደቅን አይፈራም። መውደቅን ካልፈራ ደግሞ ሩቅ ያለችውንም ኳስ ይከተላል።

እኛ ሜዳችን ጠጠር ስለሆነ መንከባለል አንችልም። ጉልበታችን ይላጣል። ዩኒፎርማችንም ከተቀደደ ቤት ስንገባ ሌላ ጨዋታ ይጀመራል! ነገር ግን ሐሳቡን መውሰድ እንችላለን። ልምምድ ሳንጀምር እያንዳንዳችን 20 ጠጠር እንለቅማለን። 7 ልጅ በ20 ጠጠር 140 ጠጠር ነው። በሳምንት 3 ቀን ስንለቅም ሜዳው ምን ያህል እንደተለወጠ መጥታችሁ እዩ።

ሌላዋ ቻይናዊቷ ላንግ ፒንግ ናቸው። በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ተጫዋች ሆነው ወርቅ አገኙ። በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ደግሞ የቻይና ሴቶች አሠልጣኝ ሆነው ወርቅ አገኙ። የሚገርመው በሪዮ ቡድናቸው በምድብ ጨዋታዎች 3 ጊዜ ተሸንፎ ነበር። ከዚያ ግን ሩብ ፍጻሜ ላይ ባለሜዳዋን ብራዚልን 3 ለ 2 አሸንፎ ቀጠለ፤ በመጨረሻም ሰርቢያን 3 ለ 1 አሸነፈ። ስለዚህ አንድ ጨዋታ ስለተሸነፍን "በቃ አንችልም" ማለት የለብንም። የተሸነፍንበትን ምክንያት ፈልገን ለሚቀጥለው ማስተካከል ነው ያለብን።

45 ደቂቃና አንድ ኳስ

ኳሳችን አንድ ናት። ሰባት ሰው ተሰልፎ ተራ ቢጠብቅ ስድስቱ ቆመው ይውላሉ፤ ይበርዳቸዋል፣ ወሬም ይጀምራሉ። ስለዚህ ጊዜውን እንዲህ ከፋፈልኩት፦

ጠጠር መልቀምና ማሟሟቅ 8 ደቂቃ። ሶምሶማ ሩጫ፣ ወደ ጎን መሮጥ፣ ትከሻ፣ የእጅ አንጓና ጣት ማፍታታት። ቀለበት፣ አምባርና ሐብል ይወልቃል።

ክህሎት 20 ደቂቃ። በሦስት እንከፈላለን። አንዱ ቡድን በእውነተኛዋ ኳስ ሰርቭና መቀበል ይሠራል። ሁለተኛው በካልሲዋ ኳስ በክንድና በጣት ማቀበል ይለማመዳል። ሦስተኛው ያለ ኳስ ብሎክ ለማድረግ ከግድግዳው ሥር ይዘላል። በየ6 ደቂቃው እንቀያየራለን፤ የቀረችው 2 ደቂቃ ለመቀያየሪያ ናት።

ጨዋታ 12 ደቂቃ። 3 ለ 3 ሆነን በግማሽ ሜዳ እንጫወታለን። ሁሉም ኳስ በብዛት የሚነካው በዚህ ጊዜ ነው። ሰባተኛዋ ነጥብ ትቆጥራለች፣ ቶሎ ቶሎ ትቀየራለች።

ውይይት 5 ደቂቃ። ውሃ እየጠጣን እያንዳንዷ ዛሬ የተማረችውን አንድ ነገር ትናገራለች።

መረብ በሌለ ጊዜ ገመድ መወጠር ይበቃል። እኛ ገመዱን ወደ 2 ሜትር ዝቅ አድርገን ነው የምንለማመደው፤ ምክንያቱም ገመዱ በጣም ከፍ ካለ ልጆች ለማሻገር ብቻ ሲሉ የተበላሸ አመታት ይለምዳሉ።

የትኛው ክህሎት ይቅደም?

ሁሉም ሰው ስፓይክ መምታት ይፈልጋል። እኔም እወዳለሁ! ግን በልምምድ ጨዋታ ላይ ነጥብ በምን እንደተገኘ በደብተሬ ላይ ጭረት እያደረግኩ ቆጠርኩ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወይ ሰርቭ መረብ ስለነካና ስለወጣ፣ ወይ ሰርቭ ማንሳት ስላልተቻለ ነው። በስፓይክ የተገኘው በጣት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ ሰርቭና መቀበል ይቀድማል።

ሰርቭ፦ ለጀማሪ ከታች ወደ ላይ የሚመታው ይሻላል። ቀኝ እጅ የምትጠቀም ልጅ ግራ እግሯን ታስቀድማለች፣ ኳሷን በግራ እጇ ወገቧ አካባቢ ትይዛለች፣ ለቀቅ አድርጋ በቀኝ መዳፏ የታችኛው ክፍል ትመታለች። ዳኛው ፊሽካ ከነፉ በኋላ 8 ሰከንድ አላት። ስለዚህ መቸኮል አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተንፍሶ መምታት ነው።

በክንድ ማቀበል፦ እግር በትከሻ ስፋት ይከፈታል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ ሁለቱ እጆች ይያያዛሉ፣ አውራ ጣቶች ጎን ለጎን ይሆናሉ። ኳሷ የምታርፈው ጡጫ ላይ ሳይሆን ከእጅ አንጓ ከፍ ብሎ ክንድ ላይ ነው። ብዙ ልጆች ክንዳቸውን ወደ ላይ ያወናጭፋሉ፤ ያኔ ኳሷ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ኃይሉ መምጣት ያለበት ከጉልበት ነው። መጀመሪያ እግር ወደ ኳሷ ይሄዳል፣ ከዚያ ክንድ ይዘረጋል። የምትቀበለዋ ደግሞ "የኔ!" ብላ መጮህ አለባት። አለዚያ ሁለት ልጆች ይተያዩና ኳሷ መሐላቸው ትወድቃለች።

ሦስት ንክኪ፦ ልጆች ኳስ ሲመጣ ወዲያው ማሻገር ይቀናቸዋል፤ ኳሷ እሳት ትመስላቸዋለች። ይህንን ለማስተው በልምምድ ላይ የራሳችንን ሕግ አወጣን። በ3 ንክኪ አሻግሮ ያገኘ ቡድን 2 ነጥብ፣ በአንድ ንክኪ ያሻገረ 1 ነጥብ ብቻ ያገኛል። ከዚያ በኋላ "አቀብዪኝ!" የሚል ድምፅ ሜዳው ላይ በዛ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለካስ ለመረብ ኳስም ይሠራል!

አዟዟር፦ ይህ ብዙ ጭቅጭቅ ያስነሳል። ቦታዎቹ ቁጥር አላቸው። ሰርቭ የሚመታው ከኋላ በቀኝ ያለው 1 ነው። ከፊት በቀኝ 2፣ ከፊት መሐል 3፣ ከፊት በግራ 4፣ ከኋላ በግራ 5፣ ከኋላ መሐል 6 ናቸው። ስንዞር 2 ላይ ያለችው ወደ 1 መጥታ ሰርቭ ትመታለች፣ 1 ላይ የነበረችው ወደ 6 ትሄዳለች፣ ሌሎቹም እንዲሁ። በቃል ብቻ አይገባም። ስድስት ቆርኪ ዴስክ ላይ ደርድሩና በእረፍት ሰዓት አዟዙሯቸው፤ በ10 ደቂቃ ይገባችኋል።

አሠልጣኝ ምን ይናገር?

በአንድ ዙር ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን 2 ጊዜ ታይም አውት መጠየቅ ይችላል። አንዱ 30 ሰከንድ ነው። በ30 ሰከንድ ስንት ነገር ይነገራል? አሥር ስሕተት ብንዘረዝር ማንም አያስታውስም። እኔ መጀመሪያ ውሃ እንዲጠጡ አደርጋለሁ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ እናገራለሁ። ለምሳሌ "ሰርቯ አጭር ነው፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ቅረቡ።" አለቀ።

ሌላው፣ የማይደረገውን ከመናገር የሚደረገውን መናገር ይሻላል። "እንዳትስቺ!" ስንላት የምታስበው ስለ መሳት ነው። "ጉልበትሽን እጠፊ" ስንላት ግን የምትሠራው ነገር አገኘች። "ጎበዝ" ማለት ብቻም አይበቃም። "ጎበዝ፣ አሁን ኳሷን እስከ መጨረሻው አየሻት" ስንል በምን እንደጎበዘች ታውቃለች፤ ትደግመዋለችም።

በተሳሳተች ልጅ ላይ መጮህ ደግሞ ለተቃራኒ ቡድን መሥራት ነው። የተጮኸባት ልጅ ቀጣዩን ኳስ ስትጠብቅ የምታየው ኳሷን ሳይሆን የኛን ፊት ነው። በኛ ቡድን አንድ ሰው ሲስት ስድስታችንም መሐል ላይ ተገናኝተን እጅ ለእጅ እንማታና ወደ ቦታችን እንመለሳለን። 3 ሰከንድ ብቻ ነው የሚወስደው።

ጣት ከተመታ

በመረብ ኳስ ጣት ብዙ ጊዜ ይጎዳል። አንዳንድ ልጆች "ልሳብልሽ" ይላሉ። በፍጹም! ጣት አይሳብም። ጨዋታውን ማቆም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር ወይም እርጥብ ጨርቅ ማድረግ፣ ለመምህር መንገር ነው። ካበጠ ወይም ከተጣመመ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት። "አሠልጣኟ ትቆጣለች" ብላ ሕመሟን የምትደብቅ ተጫዋች ካለች ጥፋቱ የአሠልጣኟ ነው።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ ጥሩ አሠልጣኝ ማለት ምርጦቹን ስድስት የሚያሰልፍ ብቻ አይደለም። በተለይ እንደኛ ያለ ክፍል ያሉትም ስድስት ስለሆኑ ምርጫ የለውም! ያሉትን ስድስት ማሻሻል ነው። ዋንጫውን እንወስዳለን ብዬ መፎከር አልችልም፤ 8ኛ ሀ ጠንካራ ናቸው። ግን ውድድሩ ሲጀመር 7ኛ ሐ ስድስት ሆኖ ይሰለፋል፤ ያች ልጅም ውስጡ አለች።

በመጨረሻ ሁለት ነገር ልጠይቅ። ተመልካች ተማሪዎች፣ እባካችሁ አንድ ልጅ ለይታችሁ "ለእሷ! ለእሷ!" አትበሉ፤ የክፍላችሁን ስም ጥሩ፣ ያም ይሞቃል። ውድ መምህራን ደግሞ፣ እስከ ውድድሩ ድረስ በምሳ ሰዓት ገመዱ ባይፈታልንና ኳሷን ከስፖርት ክፍል ብታስፈቅዱልን ደስ ይለናል። ሰዓቱ ሲደርስ ኳሷን ጠርገን እንመልሳለን።

ለመጽሔታችን የምትጽፉ የሌሎች ክፍል አሠልጣኞች፣ እናንተም ዘዴያችሁን ጻፉልን። (ሚስጥር ከሆነ ከውድድሩ በኋላ!) በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።

ከ7ኛ ሐ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል